የሌላውን ዘፈን መልሶ መጫወት፤ ከ«ሞዓ አንበሳ» አልበም እስከ እንጅባራ ፈረሰኞች ሽለላ

ጊታርና ኪቦርድ የያዙ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «የራሳችሁን ዜማ ሳትደርሱ የሰው ዘፈን ይዛችሁ መድረክ መውጣት ስንፍና ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «የአባቶቻችንን ዘፈን እኛ ካልተጫወትነው ማን ይጫወተዋል?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በቀልድና በጩኸት ያልቃል እንጂ በማስረጃ አይቋጭም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጥናት ነገሩን በሥርዓት ልንመረምረው አስበናል። በመጀመሪያ የሌላን ሰው ዘፈን መልሶ መጫወት ምን ማለት እንደ ሆነ እንገልጻለን፤ ቀጥሎ አንድ የውጭ አገርና አንድ የአገራችንን ምሳሌ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ነገሩ ለአዊ ዞን ልጆች፥ ማለት ለእንጅባራና ለዳንግላ ተማሪዎች፥ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ እናያለን።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት የተጻፈበት ዓመት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፥ ምልክት የሌለው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. የነገሩ ትርጉም

ዛሬ በሙዚቀኞች ዘንድ «ከቨር» የሚባለው ቃል የሚያመለክተው አስቀድሞ በሌላ ሰው የተዘፈነን ዘፈን ሌላ ዘፋኝ ወይም ባንድ እንደገና ሲጫወተው ነው። ነገር ግን በዚህ በአንድ ስም ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተጠቃለዋል። ክርክራችን መቋጫ የሚያጣውም እነዚህን ሦስቱን ባለመለየታችን ይመስለናል።

አንደኛው መቅዳት ነው። ባንዱ የመጀመሪያውን ዘፈን ድምፅ በድምፅ፥ ምት በምት ለመምሰል ይጥራል። በሰርግና በሆቴል የሚጫወቱ ባንዶች የሚያደርጉት በአብዛኛው ይህን ነው፤ አድማጩም የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው። መቅዳት የተማሪ ሥራ ነው፤ ነውር የለበትም። ቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሳይቀጽል የራሱን አይቆጥርምና።

ሁለተኛው ማቀናበር ነው። ዜማውና ግጥሙ ሳይለወጥ መሣሪያው፥ ምቱ፥ አጀቡ ይለወጣል። በማሲንቆ የነበረው በሳክስፎን፥ በጭብጨባ የነበረው በድራም ይሆናል።

ሦስተኛው መተርጎም ነው። እዚህ ላይ ባንዱ ዘፈኑን ከራሱ ቋንቋ፥ ከራሱ ዘመንና ከራሱ ጠባይ ጋራ አዋሕዶ አዲስ ነገር ያወጣል። መነሻው የሌላ ሰው ቢሆንም መድረሻው የራሱ ይሆናል። በዓለም ሙዚቃ ታሪክ ስም የተረፋቸው አልበሞች የዚህ የሦስተኛው ዓይነት ናቸው።

2. ከአሜሪካ ደቡብ የተገኘ ምሳሌ

በ1969 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ «ኦልማን ብራዘርስ ባንድ» የሚባል ቡድን ተቋቋመ፤ ወዲያውም መቀመጫውን በጆርጂያ ግዛት በሜከን ከተማ አደረገ። በኋላ «የደቡብ ሮክ» ተብሎ ለተጠራው የሙዚቃ ዓይነት በር ከፋች ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ባንድ ነው። በመጋቢት 1971 በኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት በተባለው አዳራሽ በሕዝብ ፊት የተጫወተው ተቀርጾ በዚያው ዓመት በሁለት ሸክላ ወጣ። በአልበሙ ውስጥ ሰባት ሥራዎች ሲኖሩ ሦስቱ የባንዱ፥ አራቱ ግን የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ናቸው።

የአልበሙ መክፈቻ «ስቴትስቦሮ ብሉዝ» የሚባለው ነው። ይህን ዘፈን በ1928 መጀመሪያ የቀረጸው ብላይንድ ዊሊ ማክቴል የተባለ የጆርጂያ ተወላጅ፥ ባለ አሥራ ሁለት ክር ጊታር የሚጫወት ዓይነ ስውር ጥቁር ዘፋኝ ነበር። አርባ ዓመት ቆይቶ ታጅ ማሃል የሚባል ሌላ ጥቁር ሙዚቀኛ በ1968 በአዲስ ቅንብር አወጣው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ዱዌን ኦልማን ደግሞ ከታጅ ማሃል ሰምቶ፥ የመድኃኒት ብልቃጥ በጣቱ ላይ ሰክቶ በክሩ ላይ እያንሸራተተ በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫወተው። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ይህ ሦስተኛው አጨዋወት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንደሚያድግ ነው፤ ሦስቱም አጨዋወቶች ይለያያሉ፥ ሦስቱም መልካም ናቸው። ሁለተኛው ግን የሚያሳዝን ነው። ማክቴል የሞተው በ1959 ነው፤ ማለት አልበሙ ከመውጣቱ አሥራ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። ዘፈኑ በሚሊዮን ሰው ጆሮ ሲገባ ባለቤቱ አልሰማም፤ «እንዲህ ሳይሆን እንዲህ ነው» ብሎ ለማረምም፥ ለመመረቅም፥ ድርሻውን ለመጠየቅም አልታደለም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

3. በአገራችን ዘፈን እንዴት ይዘዋወር ነበር?

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን «የዚህ ዘፈን ባለቤት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ አይነሣም ነበር። አዝማሪ የሰማውን ዜማ ይዞ የራሱን ግጥም ይጨምርበታል፤ ሌላው ደግሞ ከእርሱ ወስዶ የራሱን ያክልበታል። «ትዝታ» ለምሳሌ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን የቅኝትም ስም ነው፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ የየራሱ ትዝታ አለው። ስለዚህ መልሶ መጫወት ለእኛ ከውጭ የመጣ ልማድ ሳይሆን የኖርንበት ነው።

ሸክላ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተሙ ሥልጣን ለአገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አቶ ዐምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍረው «ዐምሃ ሬኮርድስ»ን አቋቋሙና የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በማሳተም ጀመሩ። በሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም፥ የባንዱ ስም ታተመ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዘፈን የተወሰነ ድምፅ፥ የተወሰነ ቅንብርና የተወሰነ ቀን ያለው ዕቃ ሆነ። መልሶ የሚጫወተውም ሰው ከዚያ ዕቃ ጋራ መነጻጸሩ አልቀረም።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ እነዚህን ሸክላዎች ሰብስበው «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ስም በፓሪስ ማሳተም ሲጀምሩ፥ ዘፈኖቹ ኢትዮጵያን አይተው በማያውቁ ሙዚቀኞች እጅ ገቡ። የምንመረምረው ዋናው ምሳሌ የተወለደው ከዚህ ነው።

4. አቶ ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ

አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫወቱ፤ ቀጥሎም ክላርኔትና ሳክስፎን ተማሩ። በ1949 ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፥ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ።

እኒህ ሰው ያደረጉት ትልቅ ነገር ሽለላን ከሰው አፍ ወደ ሳክስፎን ማዛወራቸው ነው። ሽለላ በጦርነት ዋዜማ ጀግና ደሙን የሚያሞቅበት፥ ጠላቱን የሚያስፈራራበት፥ ከፉከራ ጋራ የሚያያዝ የድምፅ ጥበብ ነው። በሽለላ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፥ ይሰበራል፥ በድንገት ይወጣል፥ በድንገት ይወድቃል። አቶ ጌታቸው ይህን ሁሉ በቴነር ሳክስፎን አወጡት፤ መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ደርበው ይታዩ ነበር። የውጭ አገር የሙዚቃ ተመልካቾች አጨዋወታቸውን ከአሜሪካ የነጻ ጃዝ ሊቃውንት ጋራ ያነጻጽሩታል፤ ነገር ግን የእርሳቸው ምንጭ የአባቶቻቸው ሽለላ እንጂ አሜሪካ አልነበረም። በ1972 በፊሊፕስ ኩባንያ የታተመው ሸክላቸው በ2003 በኢትዮፒክስ 14ኛ ቅጽ እንደገና ወጣ።

ዘ ኤክስ ደግሞ በ1979 በሆላንድ በአምስተርዳም የተቋቋመ የፓንክ ሮክ ባንድ ነው። ሙዚቃው ሻካራ፥ ፈጣን፥ በሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ፍጭት የሚነድ ነው። በ2002 ባንዱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫወተ። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። አሁን ልብ እንበል፤ ከዚህ በኋላ «አብረን እንሥራ» ብለው የጠየቁት አቶ ጌታቸው ራሳቸው ናቸው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የፓንክ ባንድ ሰምተው «አጃቢዬ ሁኑ» ማለታቸው ነው! ውጤቱም በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ሆነ። ክላርኔት፥ ትሮምቦንና አልቶ ሳክስፎን የሚነፉ እንግዶችም ተጨመሩበት።

አልበሙ በአብዛኛው የቆዩ ኢትዮጵያዊ ዜማዎችን እንደገና የሚጫወት ነው። ታዲያ ይህ ለምን ተሳካ? ሦስት ምክንያቶች እንሰጣለን።

አንደኛ፥ ባንዱ የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ለመምሰል አልሞከረም። የኦርጋኑ ለስላሳ ድምፅ የለም። በምትኩ ጊታሮቹ እንደ ብረት ይፋጫሉ፤ ድራሙ እንደ ከበሮ ይደጋግማል። ማለት ሥራው መቅዳት ሳይሆን መተርጎም ነበር።

ሁለተኛ፥ የተረጎሙት ውጫዊውን ሳይሆን ውስጡን ነው። ሽለላ ቁጣ ነው፤ ፓንክም ቁጣ ነው። ሁለቱም ድምፅን ከማሳመር ይልቅ ድምፅን ማስፈራሪያ ያደርጋሉ። ስለዚህ ባንዱ የማያውቀውን ቋንቋ እየተናገረ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ስሜት በሌላ ሰው ዜማ ይናገር ነበር እንጂ።

ሦስተኛና ዋናው፥ ባለቤቱ በመካከላቸው ነበሩ። ዜማውን የሚመሩ፥ ፍጥነቱን የሚወስኑ፥ የት መጀመርና የት ማቆም እንደሚገባ የሚያሳዩ አቶ ጌታቸው ነበሩ። ስማቸውም በአልበሙ ገጽ ላይ ከባንዱ ስም ጋራ በእኩልነት ተጽፏል። ዝምድናቸው በአንድ አልበም አላበቃም፤ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን ሁለተኛ አልበም አወጡ። አቶ ጌታቸው በሚያዝያ 2016 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ብላይንድ ዊሊ ማክቴል ያላገኘውን እርሳቸው አገኙ፤ ሥራቸው በባዕድ እጅ ሲታደስ በዓይናቸው አዩ፥ በጆሮአቸው ሰሙ፥ በእጃቸውም አረሙ።

ተመሳሳይ ምሳሌዎች አሉ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ኢዘር ኦርኬስትራ በጥር 2004 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ዜማዎች በራሱ ቅንብር ሲጫወት፥ ሙላቱ አስታጥቄ፥ ጌታቸው መኩሪያና ባሕታ ገብረ ሕይወት አብረውት መድረክ ላይ ነበሩ፤ ይህም የኢትዮፒክስ 20ኛ ቅጽ ሆነ። የፓሪሱ ባንድ አካሌ ውቤ ደግሞ ታላቁን አቀናባሪ ግርማ በየነን ይዞ በ2017 30ኛውን ቅጽ አወጣ። አቶ ግርማ ከዋልያስ ባንድ ጋራ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ከቀሩ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ነበር። የራሳቸውን የቆዩ ዘፈኖች መልሰው የዘፈኑት በልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ካሉ ፈረንሳውያን ጋራ ነው። በእነዚህ ሁሉ አንድ ሥርዓት ይታያል፤ ተጫዋቹ ወደ ባለቤቱ ሄደ፥ ባለቤቱም መጣ።

5. ቅኝትን ስለ መጠበቅ

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። ሮክ የሚጫወት ተማሪ የአገር ዜማ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚሰናከለው በቅኝት ነው። አራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው።

የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ናቸው። እነዚሁን አምስት ድምፆች ከላ ብንጀምራቸው ላ፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል ይሆናሉ፤ ይህም ባቲ ማይነር ከሚባለው ጋራ አንድ ነው። የሚያስደንቀው ነገር የአሜሪካ ደቡብ ጊታረኞች ብሉዝና ሮክ የሚጫወቱት በእነዚሁ አምስት ድምፆች መሆኑ ነው። ስለዚህ ትዝታና ባቲ ለሮክ ጊታር ቅርብ ዘመድ ናቸው። ነገር ግን ዘመድነቱ ያታልላል፤ አምስቱ ድምፆች አንድ ቢሆኑም ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፥ የሚንቀጠቀጥበት ቦታና የሚዘልበት መንገድ ይለያያል። ፊደሉ አንድ ቢሆን ግዕዝና አማርኛ አንድ ቋንቋ አይደሉም።

ችግሩ የሚከፋው በሁለቱ ሌሎች ቅኝቶች ነው። በአምባሰል ውስጥ ዶ፥ ሬ ፍላት፥ ፋ፥ ሶልና ላ ፍላት እንጂ ሚ የሚባል ድምፅ የለም። ጊታረኛው ከልማድ የተነሣ ዶ፥ ሚ፥ ሶል የሚለውን ኮርድ ከሥሩ ቢያስገባ ቅኝቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ አምባሰል መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል። በአንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፥ ሬ ፍላት፥ ፋ፥ ሶል ፍላትና ላ ስለሚገኙ ሙሉው ሶል የለም። የሮክ ጊታር ምሰሶ ግን ዶና ሶልን አንድ ላይ መምታት ነው። ይህን ምሰሶ በአንቺ ሆዬ ላይ የተከለ ሰው ከዜማው ጋራ ይጋጫል።

መፍትሔው ኮርዱን መቀነስ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ከሥር ይዞ መቆየት፥ ወይም ጊታሩ ዘፋኙን እንደ ማሲንቆ በተመሳሳይ ዜማ እየተከተለ እንዲጫወት ማድረግ ቅኝቱን ያድናል። በአገራችን የሮክ ሙዚቃን በይፋ የያዘው ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የተከራከረበት ጥያቄም ይኸው ነበር ብንል አንሳሳትም፤ የከባድ ጊታር ድምፅና የአገር ቅኝት በአንድ ቤት እንዴት ይኖራሉ?

6. ቃልን ስለ መጠበቅ፤ የአዊኛ ጉዳይ

ወደ አዊ ስንመለስ ከቅኝት የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር እናገኛለን፤ እርሱም ቋንቋ ነው። አዊኛ ከኩሽ ቋንቋዎች የአገው ወገን ነው። ሮበርት ሄትስሮን የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በ1969 ስለ ደቡብ አገው ግሥ ሥርዓት ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። አዊኛ እንደ አማርኛ ያይደለ፥ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍች ሊለይ የሚችልበት ቋንቋ ነው።

ይህ ለዘፈን ምን ማለት ነው? በአማርኛ ግጥም ዜማው ቢወጣም ቢወርድም ቃሉ ያው ቃል ነው። በአዊኛ ግን የቃሉ የራሱ መውጣትና መውረድ አለ፤ ዜማውም የራሱ አለው። እናቶቻችን ሲዘፍኑ እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ ገና በሚገባ አልተጠናም፤ ለአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አይገኝም። እስከዚያው ድረስ ግን ጥንቃቄው ግልጽ ነው። የአዊኛን ዜማ ወስዶ ግጥሙን በአማርኛ የለወጠ ባንድ ልብሱን ብቻ የለወጠ እየመሰለው አካሉንም ሊለውጥ ይችላል። ግጥሙን በአዊኛ እንዳለ ይዞ ዜማውን በኪቦርድ ያቃናም ባንድ፥ ቃሉ ለአዊኛ ተናጋሪ ጆሮ ሌላ ሆኖ እንዳይሰማ መጠየቅ አለበት። ዳኛው ደግሞ መሣሪያው አይደለም፤ ቋንቋውን የሚናገሩት አባቶችና እናቶች ናቸው።

7. ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የወጣው፥ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። በአጭሩ ለማስረዳት፥ የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለሃምሳ ዓመት የተጠበቀ ነው። ሥራውን ማባዛት፥ መተርጎም፥ ማቀናበር የሚፈቀደው በባለመብቱ ፈቃድ ነው። ከገንዘቡ ሌላ የሞራል መብት የሚባል አለ፤ ይኸውም ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅና ሥራው ክብሩን በሚነካ መልክ እንዳይዛባ የመቃወም መብት ነው። ዘፋኙና የድምፅ ቅጂውን ያሳተመውም የየራሳቸው መብት አላቸው።

እንግዲህ «የድሮ ዘፈን ነው፥ ባለቤት የለውም» የሚለው የተለመደ አነጋገር በሕግ ፊት አይቆምም። ከሃምሳ ዓመት በፊት በሸክላ የታተመ ዘፈን ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም በቅርብ የሞተ ከሆነ ባለቤት አለው። ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ሲሆንስ? ያን ጊዜ አቀናባሪው «ቅንብሩ የእኔ ነው» ሊል ይችላል፤ «ዜማው የእኔ ነው» ሊል ግን ከቶ አይገባውም። «ዜማ፦ የሕዝብ፤ የተሰማው፦ ከዚህ ቀበሌ፥ ከእኒህ ባለሙያ» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ቀለም ብቻ የሚያስከፍል ሐቅ ነው።

8. ታዲያ እኛስ?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በዓሉ በአድዋ ዘመቻ አርበኞችና ፈረሶቻቸው የሠሩትን ሥራ ያስታውሳል። ፈረሱ በጥልፍና በቆዳ አጊጦ፥ ፈረሰኛው ዘንጉን ይዞ፥ ጉግሱና ሽርጡ በሜዳው ሲሞላ ሽለላና ፉከራው ከየአቅጣጫው ይሰማል። ዋልያስ ባንድ በ1977 ላወጣው አልበም የሰጠው ስም «ቼ በለው» የሚል እንደ ነበረ እናስታውስ፤ ፈረስን የማስገስገሻ ቃል ነው። ያን አልበም ዛሬ የውጭ አገር ሰው በውድ ዋጋ ይገዛዋል። የቃሉ ሕያው ምንጭ ግን በየዓመቱ በደጃችን ይጮኻል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን በስልካችን ሃያ ሰኮንድ ቀርጸን ለጓደኛ እንልካለን። የተቀረጸው የፈረሱ ሩጫ ነው፤ የሸላዩ ስም የለም፥ የግጥሙ ቃል አይሰማም፥ ቀኑም አይታወቅም። በእንጅባራና በዳንግላ ሰርግ ላይ ደግሞ አንድ ኪቦርድ ሁሉንም ዜማ በአንድ ምት ይፈጨዋል። ኪቦርድ ተጫዋቹን አንወቅሰውም፤ የሚያውቀውን ይጫወታል። ወቀሳው የሚገባው ተምረን ሳለ ለማናስተምረው ለእኛ ነው።

ስለዚህ የአዊን ዜማ በዘመናዊ መሣሪያ ለመቅረጽ ለሚያስብ የተማሪ ባንድ ከላይ ካየነው ምሳሌ የተወሰዱ አምስት ምክሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ከመጫወት በፊት መስማት። አንድ ዜማ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አፍ ሙሉ በሙሉ፥ ያለ ማቋረጥ ይቀረጽ። ሦስቱ በሚስማሙበት ላይ የዜማው አጥንት አለ፤ በሚለያዩበት ላይ ደግሞ ነጻነታችሁ አለ።

ሁለተኛ፥ መጻፍ። የባለሙያውን ስምና ቀበሌ በፈቃዳቸው፥ ቀኑን፥ ዘፈኑ የሚዘፈንበትን ጊዜ፥ ለሰርግ ነው ለደቦ ወይስ ለፈረስ፥ ግጥሙንም በአዊኛ ከነትርጉሙ መመዝገብ ይገባል። ይህ መዝገብ ከአልበሙ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

ሦስተኛ፥ ቅኝቱን ለይቶ ማወቅ፤ ኮርዱን ከዚያ በኋላ መፈለግ።

አራተኛ፥ ባለቤቱን ወደ ልምምዱ መጥራት። አቶ ጌታቸው በዘ ኤክስ መካከል እንደ ቆሙ የመንደራችሁ ሸላይ በመካከላችሁ ይቁም። «ልጆቼ፥ እዚህ ላይ አትሩጡ» ብለው ያርማሉ፤ ደስ ካላቸውም ይመርቃሉ።

አምስተኛ፥ ገንዘብ ከመጣ ማካፈል፤ ገንዘብ ካልመጣም ስም መጥራት።

9. መደምደሚያ

መጀመሪያ ወደ ተነሣው ክርክር እንመለስ። «የሌላን ሰው ዘፈን መጫወት ስንፍና ነው» ያለው ወገን ስለ መቅዳት ከሆነ በከፊል እውነት አለው፤ ቅጂን እንደ መጨረሻ ግብ የያዘ ባንድ ከካሴት አይሻልም። ስለ መተርጎም ከሆነ ግን ተሳስቷል፤ የኦልማን ብራዘርስም የዘ ኤክስም አልበም ይህን ይመሰክራሉ። «የአባቶቻችንን ዘፈን እኛ ካልተጫወትነው ማን ይጫወተዋል?» ያለውም ወገን ሙሉ መልስ አላገኘም። እኛ ካልተጫወትነው የፓሪስና የአምስተርዳም ሰው ይጫወተዋል፤ ሠርቶም አሳይቶናል፥ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባን ሸክላ ፓሪስ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ በሸክላም በካሴትም ያልታተመውን የእንጅባራን እናት የአዊኛ ዘፈን ግን ፓሪስ ላይ የሚያገኘው የለም። እርሱ ያለው በእርሳቸው ጉሮሮ ብቻ ነው።

ማክቴል ሳይሰማ ሞተ፤ ጌታቸው ሰምተው ዐረፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ አይደለም፥ የጊዜ ነው። መጪው ዕረፍት ሲደርስ ወደየቤታችን ስንሄድ ከመጽሐፋችን ጋራ አንድ ደብተር ለዚህ እንለይ፤ በዕድሜ የገፉትን አያቶቻችንንም አስቀድመን እንጠይቅ። ጊታሩ ይቆየናል።